ጎርፍ ወሰደው የተባለው ሐዲድ

እትዬ ፈለቀች ቤት የገባ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ምሰሶው ላይ ነው። ስለሚያምር እንዳይመስላችሁ፤ እላዬ ላይ ይወድቅ ይሆን ብሎ ነው። ሥሩን ምስጥ በልቶታል፣ መሀሉ ተሰንጥቋል፣ በሁለት ባላ ተደግፎ ነው የቆመው። ቀወት ቆላ ውስጥ የእንጨት ምሰሶ አቁሞ አምስት ዓመት የቆየለት ሰው ተመስገን ይበል።

የሌላው ሰው ምሰሶ ግን ብረት ነው። የምን ብረት ብትሉ፣ የሐዲድ። ጣሊያን የደሴን መንገድ ሲሠራ፣ ከሮቢ ወንዝ ጠጠር እየዛቀ ወደ መንገዱ የሚያመላልስበት ቀጭን ሐዲድ በመንደሩ ማሳ መሀል ዘርግቶ ነበር። ባቡር ብሎ ነገር አልነበረበትም፤ ጠጠር የተሞሉትን ፉርጎዎች የሚገፋው የሰው ትከሻ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ሐዲዱ ባለቤት አጣ። የመንደሩ ሽማግሌዎችም ልክ እንደ መሬት ሸንሽነው በዕጣ አከፋፈሉት። ለያንዳንዱ ቤት ሦስት ሦስት ጥንድ ደረሰ። የአንዱ ሐዲድ ቁመት ለምሰሶ ተብሎ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። የተረፈው ለጉበንም፣ ለበረት በርም፣ ለቦይ መሻገሪያም ሆነ።

የፈለቀች ባል ሽፈራውም ዕጣ ወጥቶለት ነበር፤ ያውም ከሁሉ እጥፍ። ሰው ሁሉ ቀናበት። እሱ ግን ዛሬ ነገ ሲል፣ ዛሬ ነገ ሲል፣ አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና ወሰደበት። ፈለቀች የምታውቀው ይህን ነው። ምሰሶ በተቀየረ ቁጥርም ይህንኑ ታነሣበት ነበር።

"የሰው ሁሉ ሳይነካ ያንተን ብቻ ጎርፍ መርጦ ወሰደው? ዝንጉ! በጊዜው ብታነሣው ኖሮ ዛሬ እንደ ሰው ተረጋግቼ እተኛ ነበር!"

ሽፈራው አይቆጣም። ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በግራ እጁ ምሰሶውን መታ መታ ያደርግና፣ "እኔ እያለሁ ቤቱ አይወድቅብሽም" ይላታል። በቃ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መልሱ ይኸው ነበር።

ሰውየው ግራኝ ነው። ገመድ ሲቋጥር፣ ሽቦ ሲጠመዝዝ ሰው ከለመደው በተቃራኒ ስለሚያዞረው፣ የሱን ቋጠሮ የፈታ ሰው የለም። አንድ ቀን የበረቱን በር ቋጥሮ ገበያ ቢወርድ፣ ፈለቀች ጥጆቹ እየጮሁባት እስኪመለስ ድረስ ስትታገል ውላለች። ያን ቀን "የሰይጣን ቋጠሮ" ብላ ስም አወጣችለት። ከሞተ እነሆ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷም ምሰሶውን በባላ ደግፋ ትኖራለች። ልጇ የሺ አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ ነይ ብትላትም ፈለቀች አሻፈረኝ አለች።

በ1973 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዘውዴ የሚባል የመንግሥት እርሻ የትራክተር ኃላፊ መንደሩ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ መሬት መሬት እያየ ነው የሚያወራው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ጥሻ ተመንጥሮ ለጥጥ እንደሚታረስ፣ ትራክተሮቹ በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚገቡ፣ ቀፎ የሰቀለም እንጨት የቆረጠም እስከዚያ እንዲያነሣ ተናገረ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ፈለቀች ግን ካለችበት ቁጭ አለች።

ምክንያቱም ከዚያ ጥሻ ውስጥ የሆነ ቦታ ወርቁ አለ።

ወርቁ የመጀመሪያ ባሏ ነው፤ የየሺ አባት። በ1931 ዓ.ም. የጠጠር ፉርጎ ሲገፋ ሞተ። ያኔ ፈለቀች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነች፤ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ለወሊድ ደጋ እናቷ ዘንድ ወጥታ ነበር። መርዶውን የነገራት አብሮት የሚገፋው ከቢር ነው፤ ጋቢውን አምጥቶላት፣ "ከሐዲዱ ዳር ቀበርኩት" አላት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሽፈራውን አግብታ ወደዚሁ መንደር ስትመለስ ሐዲዱ ከሞላ ጎደል ተነቅሎ አልቋል። ሽፈራውን "የቀድሞ ባሌ መቃብር የት ነው?" ብላ ትጠይቀው? ኧረ ወዲያ! በየት አገር ነው አዲስ ሙሽራ እንዲህ የምትጠይቀው? አፈረች፣ ዋጠችው። ከዓመት ዓመት ሲዋጥ ደግሞ ነገር ሆድ ውስጥ ቤት ይሠራል። ሽፈራው ከሞተ ወዲህ ግን አንድ ሐሳብ ይዛ ነበር፤ የወርቁን አጽም አስፈልሳ፣ ፍትሐት አስፈትታ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ልታሳርፈው። ዛሬ ነገ ስትል ትራክተር ደረሰባት። እንግዲህ ማን ነው ዝንጉ?

"ዘውዴ፣ ልጄ፣" አለችው ሰው ሲበተን ጠብቃ፣ "እዚያ ውስጥ ሰው አለኝ።"

ነገረችው። ራሱን አከከ፣ ጥሻውን አየ፣ እሷን አየ።

"እትዬ፣ ጥሻው እኮ ሃያ ጋሻ ይሆናል። ቦታውን ካሳዩኝ በአክብሮት ትቼ አስቆፍርልዎታለሁ። ካላሳዩኝ ግን የት ብዬ ልተወው? እስከ ቅዳሜ ያግኙት። ከዚያ በኋላ እኔም አዛዥ አለብኝ።"

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሽንኩርት መኪና ተሳፍራ ጀውሃ ወረደች። ከቢር በሕይወት መኖሩን ሰምታለች፤ ልጁ ሳፊያ ለመኪና ነጂዎች ሻይ የምትሸጥበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሙስባሃውን እየቆጠረ አገኘችው። ፂሙ ነጭ ሆኗል፣ ትከሻው ግን ዛሬም ፉርጎ የሚገፋ ይመስላል።

"አወቁኝ ጋሽ ከቢር?"

ትክ ብሎ አያት። ሙስባሃው ቆመ። "የወርቁ ፈለቁ!" አለና ከጎኑ አስቀመጣት። ሳፊያ ሻይ አስቀምጣላቸው ሄደች።

የመጣችበትን ነገረችው። ከቢር ሻዩን ሳይነካ ተረከላት። ሐዲዱ አንድ ነጠላ መስመር ነው፤ የሞላው ፉርጎና ባዶው ፉርጎ ግን መተላለፍ ስላለባቸው መሀል ላይ ሐዲዱ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን የሚሄድበት ቦታ ነበረ፤ መተላለፊያ ይሉታል። ያን ቀን እዚያ ሲደርሱ የፉርጎው ማቆሚያ እንጨት ተሰበረ። ወርቁ ከቢርን በክርኑ ገፍቶ ከሐዲዱ አወጣው። ራሱ ግን አልወጣም።

"ቄስ ልጥራ ብል ካቦው ሥራ አይቆምም አለኝ። እኔው ቆፈርኩ። ከመተላለፊያው በፀሐይ መውጫ በኩል ዐሥር እርምጃ ነው። ድንጋይ ከመርኩበት። የናንተን ጸሎት አላውቅ ፈለቁ፤ የማውቀውን ዱዓ አደረግሁለት። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አስቀየምኳት ይሆን እያልኩ ይከነክነኛል። አፉ በይኝ።"

"እርስዎ ባይኖሩ ብቻውን አልነበር የሚሄደው?" አለች ፈለቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ይኼ ያስቀይማል? ይልቅ ተነሡና ቦታውን ያሳዩኝ።"

ተነሣ። ሳፊያ "አባ፣ በዚህ ዕድሜህ!" ብትል ማን ሰምቷት! ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ጥሻው ዳር ቆመዋል። ከቢር ግን ወዲያ ቢያይ ወዲህ ቢያይ የሚያውቀው ነገር አጣ። ጠጠር የሚዛቅበትን ገደል ወንዙ በልቶታል። ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ መንገዱ ሲሰፋ አስፋልት ውስጥ ገብቷል። ዛፉ ሌላ ዛፍ ነው፣ መሬቱ ራሱ ጎርፍ ባመጣው ደለል ከፍ ብሏል።

"ሐዲዱ ቢኖር ዓይኔን ጨፍኜ እወስድሽ ነበር" አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ያለ ሐዲዱ ግን ዕውር ነኝ።"

ፈለቀች ዞር ብላ መንደሩን አየች። ሐዲዱማ አለ፤ የሰው ጣራ ተሸክሞ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ በዕጣ ሲሸነሽኑት ደግሞ የማን ከማን እንደሚዋሰን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የመሬት ወሰን የማይረሳ የቀወት ገበሬ የሐዲድ ወሰን ይረሳል? መጠየቅ ብቻ ነው።

መጠየቁ ላይ ተሳሳተች። ረቡዕ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ነበርና ሊቀ መንበሩን ደሳለኝን፣ "የሐዲዱን ክፍፍል ሰው እንዲነግረኝ ጠይቅልኝ" አለችው። ደሳለኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደብተር ከያዘ የሰው ቋንቋ ይጠፋበታል። ብድግ አለና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

"ጓዶች! ቀጣዩ አጀንዳ ሐዲድን ይመለከታል። ማንኛውም አባል በእጁ የሚገኘውን ሐዲድ ብዛት፣ እንዲሁም ከየትኛው ቦታ እንዳነሣው በዝርዝር ያስመዝግብ!" አለ።

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ መዋጮ በየሰበቡ ነው፤ ለእናት አገር ጥሪ ከብት የሰጠ፣ እህል የሰጠ፣ አሁን ደግሞ ምሰሶውን ሊነቅሉበት!

"የምን ሐዲድ?" አለ አንዱ።

"እኛ አገር ሐዲድ ነበረ እንዴ?" አለ ሌላው ጎረቤቱን እያየ።

"ባቡር የሚባለው ድሬዳዋ አይደል ያለው?" አለች ሸዋዬ። ሙሉ ሐዲድ ቤቷ መሀል ያቆመች ሴት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ!

ደሳለኝ ደብተሩ ላይ "የለም" ብሎ ጻፈ። ፈለቀች ቤቷ ገብታ ባላውን ተደግፋ አለቀሰች። ሁለት ቀን ነው የቀራት።

ሐሙስ ጠዋት ከከቢር ጋር ከቤት ቤት ለመዞር ወጡ። መንደሩ እንዳለ ትኩስ ጭቃና እበት ይሸታል። በዓል የለ፣ ሰርግ የለ፣ ምን ልስን ነው ብለው ሸዋዬ ቤት ገቡ። ምሰሶው እንደ ነፍሰ ጡር ወፍሮ ቆሟል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ሸዋዬ ከፊቱ ተገትራለች፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

ከቢር ምርኩዙን አነሣና ምሰሶውን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መታው። ጭቃው ረገፈ። ቋ!

የሽማግሌው ፊት በራ። "ይኼ እኮ ጓደኛዬ ነው!" አለ። "ፉርጎው ካንዱ ሐዲድ ወዳንዱ ሲሻገር ልክ እንዲህ ነበር የሚለው። ስንት ሺ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።"

ሸዋዬ አቀረቀረች። "ምን ላድርግ እትዬ ፈለቀች? የአባቴ ሐዲድ ነው። ነቅለው ሲወስዱት ቤቴ ከነልጆቼ ሊወርድብኝ ነው ብዬ ነው።"

"ማን ሊወስደው? እኔ ሐዲድሽን ምን ላድርገው ሸዋዬ! ወርቁን ነው የምፈልገው። አጽሙን ላሳርፈው ነው።"

"ለአጽም ነው እንዴ!" ሸዋዬ በጭቃ እጇ ደረቷን መታች። "ውይ ሞት ይርሳኝ! ምነው ቀድመሽ እንዲህ አትይም? ያ ደሳለኝ የሚሉት ሰውዬ፣ ምላሱ ይታሰርና!" ከቤቷ ወጥታ በመንደሩ መሀል እየሮጠች ጮኸች። "ኧረ ለአጽም ነው! ለምዝገባ አይደለም! ለአጽም ነው!"

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ትናንት ሐዲድ አይተን አናውቅም ያሉት ሰዎች ዛሬ ምሰሷቸውን በማጭድ እየፋቁ፣ "የኔን ምቱት፣ የኔን ምቱት" ይሉ ጀመር። ወሰኑንም እንደ ዳዊት ይደግሙት ነበር። የሸዋዬ አባት ዕጣ ዛሬም ከቆመው ትልቁ ሾላ ሥር ይጀምራል፤ ከሱ ቀጥሎ የነየሻረግ ነው፤ ከነየሻረግ ቀጥሎ የአንጥረኛው፤ እንዲህ እየተባለ ከቤት ቤት ወረደ። እያንዳንዱ ቤት ሦስት ጥንድ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ መተላለፊያው ለማን ደረሰ?

ይህን ጥያቄ ይዘው አሥራ ሦስተኛው ቤት ደረሱ። የሳልህ ቤት ነው። ሳልህ የሽፈራው የልብ ወዳጅ ነበር፤ ጆሮው ትንሽ ደክሟል፣ ትዝታው ግን አልደከመም።

"መተላለፊያው? ከኔ ቀጥሎ ያለው ነዋ። የሽፈራው ነው።"

ፈለቀች የሰማችውን ማመን አቃታት። "የማን?"

"የሽፈራው፣ የባልሽ! ለዚህ አይደል እጥፍ የደረሰው? ሁለት መስመር ነው እኮ።"

"እሱንማ ጎርፍ ወሰደው።"

"ጎርፍ?" ሳልህ ሳቀ። "ጎርፍ ሐዲድ የሚወስድበትን አገር አሳዪኝ። ጎርፍ ያለብሳል እንጂ አይወስድም። ደለሉ ሳያለብሰው በፊት እኔ ራሴ በሬዎቼን ላውስህና ጎትተን እናምጣው ብዬዋለሁ። ሰርጋችሁ በተደገሰ በሳምንቱ ነው፤ ቤት ሊሠራ ነው ብዬ። 'ተወው ሳልህ' አለኝ። 'ሐዲድ ባለበት ማረሻ አይገባም።' ማረሻ ቢገባስ ምን ይጎዳዋል ብዬ ገረመኝ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ፤ ሽፈራውን ታውቂው የለ፣ ሁለተኛ ቢጠየቅ አይመልስም።"

ከቢር ፈለቀችን አያት። እሷ መሬት ታያለች።

ዓርብ ጠዋት መንደሩ ሥራ ፈቶ ወጣ። የሸዋዬን ምሰሶ በገመድ ለኩ፤ ያ የአንድ ሐዲድ ልክ ነው። ከሾላው ሥር ጀመሩ። በየቤቱ ተራ ባለቤቱ ገመዱን ይይዛል፣ ሦስት ጊዜ ይዘረጋል፣ ለቀጣዩ ያስረክባል። አቅጣጫ ሲጠፋባቸው ከቢር ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን አፈር በምርኩዙ ይጭራል፤ ነጭ የወንዝ ጠጠር ካገኘ "በዚህ ነው" ይላል። ገበሬዎቹም አገዙት፤ ማሽላ በዚያ መስመር ላይ እንደማያድግ ያውቃሉ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ ዘር ጨምረውበት የከሰሩ ሁሉ ነበሩ። ዘውዴም ትራክተሩን አቁሞ መጣ። ደሳለኝ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አፍሮ፣ ከኋላ ይከተላል።

ሠላሳ ዘጠነኛውን ገመድ ሳልህ ዘረጋ። ጥሻው ውስጥ ገብተዋል። አርባኛውን ማን ይያዝ? ሁሉም ወደ ፈለቀች ዞሩ። ገመዱን ተቀበለችና ቀጋና ግራሩ እየቧጠጣት ዘረጋችው።

በዶማ ቆፈሩ። እስከ ወገብ ደለል ነው። ከዚያ ዶማው አንድ ነገር ነካ፤ ቋ!

ከቢር "አላሁ አክበር" ብሎ ተቀመጠ። እየገለጡ ሲሄዱ አንድ ጥንድ፣ ከጎኑ ሌላ ጥንድ፤ ሐዲዶቹ ያለ ምንም ጉድለት፣ ጣሊያን እንዳነጠፋቸው ተኝተዋል። ሐዲዶቹን ከሚያያይዙት አጫጭር አግዳሚ ብረቶች ግን ሁለቱ የሉም። ማን ወሰዳቸው? ማንም አላወቀም። ከቢር ተነሥቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞረና እርምጃ ቆጠረ። ዐሥር። እዚያ ሲቆፍሩ መጀመሪያ የወጣው ድንጋይ አልነበረም። ብረት ነው። በአፈሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ መስቀል፤ ከሁለት አግዳሚ ብረቶች ተሠርቶ፣ መጋጠሚያው ላይ በወፍራም የስልክ ሽቦ የታሰረ። ከሥሩ የከቢር ድንጋዮች አሉ።

"ይኼ የኔ አይደለም" አለ ከቢር ግራ ገብቶት። "እኔ ድንጋይ ብቻ ነው የከመርኩት። ማን መጥቶ አቆመው?"

ፈለቀች ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። ከሽቦው ላይ አፈሩን በጣቷ ጠረገች። ሽቦው ዝጓል፣ ግን ቋጠሮው እንዳለ ነው። ዞሮ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ በሚያዞርበት በተቃራኒው ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ገብቷል። ይህን ቋጠሮ በጥጃ ገመድ ላይ፣ በበረት በር ላይ፣ በጆንያ አፍ ላይ ስትረግመው ኖራለች። በዓለም ላይ እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነበር።

"ሽፈራው!" አለች። መስቀሉን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ለወርቁ መስሏቸው ሴቶቹም አብረው አለቀሱ። ሳልህ ብቻ ገባው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ "ማረሻ እንዳይገባ" አለ ቀስ ብሎ። "ለካ እሱን ነው።"

ሙሽራ ሆና በገባች በሳምንቱ ማለት ነው። እሷ መጠየቅ አፍራ ሆዷ ውስጥ ስትቀብረው፣ እሱ በዕጣው አጠገብ የድንጋዩን ክምር አይቶ፣ የማን እንደሆነ ገብቶት፣ ሳትጠይቀው ሄዶ መስቀል አቁሞለታል። ሐዲዱን ቢያነሣ የሌላ ሰው በሬ በመቃብሩ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ተወው። ዝንጉ ተባለ፣ ሰነፍ ተባለ፣ በየአምስት ዓመቱ ጫካ ወርዶ እንጨት እየቆረጠ ምሰሶ ቀየረ፣ ሚስቱ አፏ እስኪደክም ስትነተርከው ኖረች። አንድ ቀን እንኳ "ለወርቁሽ ብዬ ነው" አላላትም። ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን እናገር ነበር።

ቅዳሜ ቄሱ ፍትሐት ፈቱ። አጽሙን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ ዘውዴ ከመጋዘን አፈላልጎ ባመጣው የጣውላ ሳጥን አኑረው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። "የት እንቆፍር?" ሲሏት ፈለቀች አላመነታችም።

"ከሽፈራው ጎን። ሲጠብቀው የኖረው እሱ ነው፤ ምን ይለያያቸዋል?"

መስቀሉን በሁለቱ መቃብር መሀል አቆሙት። አንዱ ጎረምሳ ሽቦው ዝጓልና በአዲስ እንቀይረው ብሎ ቢነካካ፣ "እጅህን አንሣ!" ብላ ጮኸችበት፤ ልጁ ክው አለ። ከቢርና ሳልህ ከግቢው አጥር ውጭ ጎን ለጎን ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ የሚያውቁትን ዱዓ አደረጉ። ሰው ሲወጣ ፈለቀች ከሽፈራው መቃብር ራስጌ ጎንበስ ብላ፣ "ዝንጉ ያልኩህን አፉ በለኝ፤ የሰይጣን ቋጠሮ ያልኩትንም" አለችው።

ሰኞ ትራክተሮቹ ጥሻው ገቡ። ከመጀመራቸው በፊት ግን ዘውዴ የሽፈራውን ሐዲዶች በሰንሰለት አስሮ፣ አቧራ እያስነሣ፣ እፈለቀች ደጃፍ ድረስ ጎትቶ አመጣቸው። ደሳለኝ ደብተሩን አወጣና ለሥራ የመጣውን ሰው ስም ሊመዘግብ ሲል ሸዋዬ ቀምታ ዶማ አስጨበጠችው። መንደርተኛው ተረባርቦ ጣራውን በባላ ከፍ አደረገ፣ በምስጥ የተበላውን እንጨት ነቀለ፣ ቀጥ ያለውን ሐዲድ በምትኩ አቆመ። እስከ እኩለ ቀን አለቀ። ሰዉ ለምሳ ወደ ሸዋዬ ቤት ሲሄድ ከቢር "አትመጪም?" አላት።

"ይቅደሙ ጋሽ ከቢር፣ መጣሁ።"

ብቻዋን ቀረች። ባላዎቹ ተነሥተው ቤቱ ሰፍቷል። ምሰሶው ከወለሉ እስከ ጣራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፈለቀች ጠጋ አለችና እሱ እንደሚያደርገው በግራ እጇ መታ መታ አደረገችው።

"'እኔ እያለሁ ቤቱ አይወድቅብሽም' አላልከኝም?" አለች። "አለህ ለካ።"